የአንዲት እንጀራ ሒሳብ



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ጥቂቶቻችሁም መነሻ የሚሆን ገንዘብ የቋጠራችሁ እንደሆናችሁ ተነግሮኛል። ስለዚህ ስለ ንግድ በጠቅላላው ከመናገር በእጄ ስለማውቀው ሥራ፣ እንጀራ ጋግሮ ስለ መሸጥ፣ ልናገር መረጥሁ። ልብስ የምትሰፉ፣ ወተት የምታከፋፍሉ ወይም ጫማ የምታድሱ ብትሆኑም ሒሳቡ አይለያይም።

እኔ የጀመርሁት በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በቤቴ ጓዳ ነው። እንጀራ መጋገር ከልጅነቴ የማውቀው ስለሆነ ንግዱንም የማውቀው መስሎኝ ነበር። ሙያ ማወቅና ንግድ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ስድስት ወር ከሠራሁ በኋላ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ጋገርሁ፤ ደንበኛ አላጣሁም፤ እንጀራዬ ተመሰገነ። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ግን ጤፍ የምገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም። ተሰርቄ እንደሆነ ቤቱን ሁሉ ፈተሽሁ። የሰረቀኝ ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ አንድ ደብተር ገዝቼ አንዲት እንጀራ ስንት እንደምታስወጣኝ መቁጠር ጀመርሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የአንዲቷን ዕቃ ዋጋ ቁጠሩ።

ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስድስት እንጀራ ይወጣል ብዬ ነበር የማስበው። ስቆጥረው አምስት ሆነ። ስድስተኛዋ የት ሄደች? ጤፉ ሲበጠርና ሲነፋ የሚጎድል አለ። የምጣድ ማሟሻ አለ። ዓይን ሳታወጣ የምትቀር፣ ከምጣዱ ስትነሣ የምትቀደድ፣ መብራት በጠፋበት ቀን ሊጡ ኮምጥጦ የምትበላሽ አለች። እነዚህን ሁሉ እኛው ቤት በልተናቸዋል፤ ለጎረቤት ሰጥተናቸዋል፤ የተረፈውንም ድርቆሽ አድርገነዋል። በሒሳቤ ውስጥ ግን አንዳቸውም አልነበሩም።

ደብተሩን ሁለት ወር ከያዝሁ በኋላ ከመቶ ብር ሽያጭ ላይ የደረስሁበት እንዲህ ነበር። 70 ብሩ የጤፉና የወፍጮው ነው። 10 ብሩ አብራኝ የምትጋግረዋ ልጅ ደመወዝ፣ 6 ብሩ የመብራት፣ 4 ብሩ የፌስታልና የማድረሻ ትራንስፖርት፣ 5 ብሩ ደግሞ የተበላሸው ነው። የቀረኝ 5 ብር ነበር። ከዚያች ውስጥ የእኔ የሌሊት ድካም አልተከፈለም፤ የጓዳዬም ኪራይ አልታሰበም። እኔ ግን 30 ብር የማተርፍ መስሎኝ እንደ ባለ 30 ብር እኖር ነበር።

የመብራቱን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፤ ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲነድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። በቀን ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢነድ 28 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በወር 26 ቀን ብትሠሩ ከ700 ያልፋል። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምር ነው፤ ከ500 ያለፈው ከፍተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በቤታችሁ ቢል ተነሥታችሁ የሥራውን መብራት አትገምቱ። ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ስትሰኩም የቤቱን ሽቦ አስቀድሞ ባለሙያ ይየው። የእኔ ግድግዳ ውስጥ ሽቦው ግሎ መሽተት ሲጀምር ነው የነቃሁት።

አሁን ስለ ዱቤ። ከመቶ 5 ብር የሚያተርፍ ሰው ዱቤ ሲሰጥ ምን እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። አንድ ሆቴል በየቀኑ እንጀራ እየወሰደ በወር መጨረሻ ሊከፍለኝ ተስማማን። የመጀመሪያውን ወር ከፈለ። ሁለተኛውን ወር ግማሹን ከፈለ። በሦስተኛው ወር በሩ ተዘግቶ አገኘሁት፤ 10,000 ብሬም አብሮ ቀረ። ያን 10,000 ብር በትርፍ ለመመለስ የ200,000 ብር እንጀራ መሸጥ ነበረብኝ። ለዚህ ነው ዱቤን በይሉኝታ አትስጡ የምለው። ለትልቅ ደንበኛ መስጠት ግድ ከሆነ ከሳምንት አይለፍ፤ የተረከበው ሰው በየቀኑ ይፈርም፤ የሳምንቱ ሳይከፈል የሚቀጥለው ሳምንት አይጀመር። ሰው ይቀየመኛል ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። የሚቀየም አለ። ከፍሎ የሚወስድ ደንበኛ ግን የሚቀየምበት ምክንያት የለውም።

ደብተር መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው ሲባል እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። እቁባችንን ተመልከቱ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ዕጣው ለማን ወጣ የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ሳምንት ያሳለፈ ሰው ይጠየቃል። የዕድራችንም መዝገብ እንዲሁ ነው። ለሰው ገንዘብ ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነ ሕዝብ ለራሱ ሱቅ ደብተር የማይይዝበት ምክንያት አይታየኝም። ለራሳችሁ ንግድ የእቁብ ጸሐፊ ሁኑለት፤ ከዚያ የበለጠ የሒሳብ ትምህርት ለመነሻ አያስፈልጋችሁም።

ያልጻፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው በ2009 ዓ.ም. ክረምት አይተናል። በዚያን ጊዜ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የነበረ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ግብራቸው የሚሰላው በቀን ገቢ ግምት ነበር። ግምቱ ሲነገራቸው በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብርቱ ቅሬታ ተነሣ፤ ሱቆቻቸውን የዘጉም ነበሩ። ግምቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን እዚህ አልፈርድም። ልቤን የነካው ግን አንድ ጎረቤቴ «ይህን ያህል አልሸጥም» ብሎ ሲከራከር «ስንት ነው የምትሸጠው?» ሲባል መልስ ማጣቱ ነው። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ የደብተሩ አስፈላጊነት ግን አልቀነሰም።

ከደብተሩ ቀጥሎ ሁለት ቦርሳ ያስፈልጋል፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የሥራ። ስድስት ወር ሙሉ ገንዘቤን የወሰደው ሌባ የአንድ ቦርሳ ነገር ነበር። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከእንጀራው ገንዘብ ይወጣል፤ የልቅሶ መዋጮ ከእንጀራው፤ እንግዳ ሲመጣ ቡናውና ስኳሩ ከእንጀራው። ሁሉም ተገቢ ወጪ ነበር። ነገር ግን ጤፍ የሚገዛው ገንዘብ ተበላ። አሁን ለራሴ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም ትንሽ ነበረች፤ ማነሷን ማየቴ ራሱ ጠቀመኝ፤ የዋጋ ጭማሪ ማድረግ እንዳለብኝ የገባኝ በእሷ ነውና።

ስለ ዋጋ ስናነሣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ሰሞን ብዙ ባለ ሱቆች «በድሮው ዋጋ ነው የገዛሁት» ብለው በድሮው ዋጋ ሸጡ። ደግነታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን መደርደሪያው ባዶ ሲሆን በሸጡበት ገንዘብ ግማሹን እንኳ መልሰው መሙላት ያቃታቸው ነበሩ። ዋጋ ስታወጡ የገዛችሁበትን ብቻ ሳይሆን ነገ መልሳችሁ የምትገዙበትን አስቡ። በእኔ ሥራ ጤፉ የአገር ውስጥ ቢሆንም የምጣዱ መለዋወጫና የጭነቱ ነዳጅ ከውጭ የሚመጡ ናቸው።

ብድርን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። ባንክ ቤት አስይዙ ይላል፤ ቤት የሌለው ደግሞ በቡድን ዋስትና ከአነስተኛ የብድር ተቋማት ይበደራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትም መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ማሽን ወይም ከብት ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የእኔ እምነት ግን የመጀመሪያው ምጣድ በብድር መገዛት የለበትም የሚል ነው። በእቁብ ግዙት፤ ዕጣው እስኪወጣላችሁም ሌላ ሰው ቤት ተቀጥራችሁ ሥራውን ልመዱ። ብድር የሚያስፈልገው ደንበኛው ታውቆ፣ ትእዛዙ መጥቶ፣ አቅም ሲያንስ ነው። ለቤት ኪራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ለመክፈል የተበደረ ሰው አንድም እንጀራ ሳይሸጥ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ከጓደኛ ጋር የምትጀምሩ ከሆነም ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ ማን ስንት እንዳወጣና አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ ሳይጻፍ ቀርቶ የተቀያየሙ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ሌላ ሥራ የምትጀምሩ ደግሞ የዓመቱን መልክ አስቀድማችሁ እዩ። ሥጋ ወይም ወተት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን፣ ረቡዕና ዓርብም አብዛኛውን ዓመት የጾም ቀን መሆናቸውን፣ በነሐሴም የፍልሰታ 15 ቀን እንዳለ በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት። ረመዳንም በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የአምናውን ቀን አትያዙ። በመስከረም ወላጅ ሁሉ ገንዘቡን ለደብተርና ለደንብ ልብስ ያወጣል፤ ያን ወር የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ገበያው ቢቀዘቅዝበት አይደንግጥ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ቀላቅለው ሲሸጡ የተያዙ ሰዎች ወሬ በከተማችን በተሰማ ጊዜ እኔም ደንበኛ አጣሁ። ያላደረግሁትን ሰው ጠረጠረኝ፤ ልጆች የሚበሉት ነገር ነውና አልፈረድሁባቸውም። ጓዳዬን ከፍቼ «ግቡና እዩ» አልኋቸው። ጤፉን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ቡሆ ዕቃውን፣ ምጣዱ የሚታሰስበትን ጎመን ዘር ሁሉ አሳየኋቸው። ከገቡት መካከል አንዲት እናት ዛሬም ድረስ ደንበኛዬ ናቸው። እናንተም ሰው ድንገት ቢገባ የማታፍሩበት ጓዳ ይኑራችሁ።

ያን የመጀመሪያ ደብተሬን ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሊጥ ነክቶታል፤ አንዳንዱ ገጽ ተጣብቋል። የሕዳር ወር ገጽ ላይ መደመር የሳትሁበት ቦታ አለ፤ በቀይ አርሜዋለሁ። ማየት የምትፈልጉ ከንግግሩ በኋላ ቅረቡ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያልያዛችሁም እዚያው ጎን ተቀምጦላችኋል። ልትሸጡት ያሰባችሁትን አንድ ዕቃ ንገሩኝና የመጀመሪያውን ገጽ አብረን እንጽፋለን።