ለበዓል አገር ቤት ስንወርድ ስለ ምግባችን ነገር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት በመዝገብ ቤት የሰው ፋይል ስደረድር ነው። ስለሆነም የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውንና፣ ከደረሰብኝ በኋላ የጤና ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ብቻ ነው። ይኸውም በዕረፍት ጊዜ፣ በተለይም ለበዓል አገር ቤት በምንወርድበት ወቅት፣ ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለብን ሰዎች ስለ አበላላችን ነው። ለመስቀል የሚወርድ አለ፤ ለአረፋ የሚወርድ አለ፤ ለፋሲካ የሚሄድ አለ። በሽታው ከሁላችንም ጋር አብሮ ይሳፈራል።

የስኳር በሽታ እንዳለብኝ የታወቀው በ2006 ዓ.ም. ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ። እዚህ ከተማ ችግር አልነበረብኝም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኪኒኔን እውጣለሁ፤ 1 ሰዓት ላይ ቁርሴን በልቼ ቢሮ እገባለሁ፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ነው። ሆዴን የሚያስተዳድረው የመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሕመሜን ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርሁም፤ ለታናሽ እኅቴም ቢሆን። ለምን ቢባል፣ አገር ቤት «ከተማ ገብቶ በሽተኛ ሆነ» መባልን ፈርቼ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰውን ፋይል ስጠብቅ የራሴን ፋይል ደበቅሁት።

በ2009 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴን አስፈርሜ ለመስቀል ወረድሁ። አገሬ ከወልቂጤ አለፍ ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጉራጌን መስቀል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። በየከተማው ተበትኖ የሚነግደውና የሚሠራው ሁሉ ለዚያን ሰሞን ወደ አባቱ ቤት ይሰበሰባል። እናቶች ቅቤውን ከብዙ ወር በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ። ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎ አለ። ከዚያ በሬው ይታረድና የሥጋው ክትፎ በጣባ፣ አይቡና ቆጮው በጎኑ ይቀርባል። ታዲያ አልበላም ማለት የለም። አልበላም ያለ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ኮርቷል።

እኔም በልቤ አንድ ዘዴ አበጀሁ። ከሰዓት በኋላ ብዙ መብላቴ ስለማይቀር፣ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ብቆይ አንዱ ላንዱ ይካካሳል ብዬ እንደ ገቢና ወጪ ሒሳብ ቆጠርሁት። መስከረም 16 ቀን ነው፣ የእኛ ቤት በሬ የሚታረድበት ቀን። ኪኒኔን እንደ ልማዴ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዋጥሁ። ቁርስ አልበላሁም። እርዱ ደግሞ ከከተማ የሚመጣ ሰው ሲጠበቅ ዘገየ። በመካከሉ አንድ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ ሽማግሌ ጠርተውኝ ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጣሁ። የሽማግሌ እጅ አይመለስም።

ወደ 7 ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ልቤ ይመታል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላስታውስም፤ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ሥጋ ሲከትፍ የነበረውን የአጎቴን ልጅ ያለ ምክንያት ተሳደብሁ አሉ። አፌም ተንተባተበ። «ጋሼ ሰክሯል» ተባለና አስተኙኝ፤ በሩን ገርበብ አድርገውልኝ ወደ ሥጋው ተመለሱ። በሁለት መለኪያ! እግዜር ይስጣት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው የእኅቴ ልጅ ውሃ ልታቀብለኝ ስትገባ ሸሚዜ በላብ ርሶ፣ ገላዬ ቀዝቅዞ ብታገኘኝ ደንግጣ ሮጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠራቻት። ሠራተኛዋ እንደ ደረሰች «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስ ጠፋ። ቦርሳዬን አስከፍታ ኪኒኑን ስታይ፣ ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጡ አለች። ያን ጊዜ ከዘመዶቼ አንዱ «የስኳር በሽተኛ ከሆነማ ስኳር ይገድለዋል እንጂ!» ብሎ ተከራከራት አሉ። እርሷ አልሰማችውም። መዋጥ እችል ስለነበር ቀስ እያለች አጠጣችኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ዓይኔን ገለጥሁ። ኪኒኑ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል ተብሎ ጤና ጣቢያ ተወሰድሁ፤ እዚያው አደርሁ። መስቀል የነጋልኝ በጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ነው።

በኋላ ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ ይህ ዓይነቱ ኪኒን ሰው በላም አልበላም ሥራውን አያቆምም። ቆሽትን እያስገደደ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። ጉበት ደግሞ ሰው ሲራብ ካጠራቀመው ስኳር እየለቀቀ ያግዘው ነበር፤ አረቄው ይህን እርዳታ ያግዳል። እንግዲህ የጣለኝ ጥጋብ ሳይሆን ባዶ ሆድ ነው። ስፈራው የከረምሁትን ክትፎ አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳልቀምስ ወደቅሁ።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሽታው ከቤተ ዘመድ አልፎ አልተሰማም፤ በመንደሩ የተወራው «ከተሜው ሰክሮ በዓል አበላሸ» የሚለው ነው። እኔም አፍሬ፣ ደግሞም ፈርቼ፣ አራት መስቀል ሳልወርድ ቀረሁ። ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ። በ2013 ዓ.ም. እኅቴ ለለቅሶ እኛ ቤት መጥታ አደረች። በጠዋት ጣቴን ወግቼ ስኳሬን ስለካ፣ ከዚያም ሰዓት እያየሁ ቁርስ ስጠብቅ ተመለከተችኝ። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው?» አለችኝ። የዚያን ቀን ያለፈ ድንገተኛ ነገር መስሏት ኖሯል። በየቀኑ እንደሆነ ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔ እኮ ንቀኸን ነው ብዬ አራት ዓመት ሙሉ አለቀስሁ። ብትነግረኝ ቁርስ መስጠት ያቅተኝ ነበር?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በ2014 ዓ.ም. መስቀል ወረድሁ። ከመሄዴ በፊት ስልክ ደውዬ ከእኅቴ ጋር ተነጋገርን። የተስማማነው ቀላል ነገር ነው። ኪኒን በዋጥሁበት ጠዋት እርዱ ቢዘገይም ባይዘገይም 1 ሰዓት ላይ ቁርስ ትሰጠኛለች። ክትፎው ሲቀርብ የእኔ ቅቤው የቀነሰ፣ በደንብ የበሰለ ይሆናል። ጥሬውና ለብለቡ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በበዓል ቀን የምንረሳ እንመስላለን። ጎመኑንና አይቡን እንደ ልቤ እበላለሁ፤ ቅቤው ግን እዚያም ላይ ይቀነሳል። ቆጮን በተመለከተ ቀድሞ ተሳስቼ ነበር። ጣፋጭ ስላልሆነ ስኳር የለውም ብዬ አምን ነበር፤ ለካ ቆጮም ሆነ የቡላ ገንፎ ሆድ ውስጥ ሲገባ ወደ ስኳር ነው የሚለወጠው። አንድ ቁራሽ ቆጮ ብቻ፣ ቡላ ከበላሁ ደግሞ ቆጮውን ትቼ ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥ ፈጽሞ ተውሁ፤ አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር የሚይዝ አለ፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

አስቸጋሪው የጎረቤት ቤት ነው። በጀፎሮው ግራና ቀኝ ያለው ቤት ሁሉ ይጠራል፤ በየቤቱም ጣባ ይቀርባል። እኅቴ ግን ቀድማ ለየቤቱ «ጋሼ የታመመው ስኳር ነው፣ ያን ጊዜም ስካር አልነበረም» ብላ አዳርሳ ነበር። በየቤቱ አንድ አንድ ጉርሻ ብቻ አጎረሱኝና መረቁኝ። እኒያ አረቄ የሰጡኝ ሽማግሌ በሕይወት ነበሩ፤ «እኔ ልገድልህ ነበር?» ብለው እጄን ይዘው ቆዩ። በቤት ለቤቱ የተራመድሁትም ሳይጠቅመኝ አልቀረም፤ ማታ ስለካ ስኳሬ ደህና ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ስኳር ያለበት ሰው መስቀልንም ፋሲካንም ከተማ ተቀምጦ ቢያሳልፍ ይሻለዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። አራት ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ ስኳሬም ያን ያህል አልተሻሻለም።

ጥቂት ነገር ልጨምርና ላብቃ። መርፌ የምትወስዱ ኢንሱሊኑን ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አታድርጉት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ማኖር ይቻላል። ደም ብዛት ያለባችሁ ጨውን አስቡበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን ይላል፤ የበዓል ወጥ ግን ይህን በአንድ ማዕድ ሊያልፈው ይችላል። የምትጾሙ ሁሉ፣ የዓቢይ ጾምም ሆነ የረመዳን፣ የመድኃኒታችሁን ሰዓት ከጾሙ በፊት ሐኪም አስተካክሉ። በመንገድ ላይ አብሯችሁ የተሳፈረ የስኳር በሽተኛ ላብ ላብ ብሎት ቢንቀጠቀጥ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ አብሉት። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ያንቀዋል፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አፍጥኑት። እኔ በደረት ኪሴ የመድኃኒቴን ስምና የእኅቴን ስልክ የጻፍሁበት ወረቀት፣ አብሮም በፌስታል የተቋጠረ ስኳር ሳልይዝ አውቶቡስ አልሳፈርም። ፌስታሉን ዛሬም ይዤዋለሁ፤ ማየት ለሚፈልግ ይኸው።

ሒሳብ ያዣችን የዓመቱን ገቢና ወጪ ሊያነቡ እየጠበቁ ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ ከስብሰባው በኋላ በድንኳን ማስቀመጫው በር ላይ እጠብቃለሁ።