ዋጋ ስንሞላ የምንዘለው መስመር

የተከበራችሁ የሥራ ተቋራጮች፣ አማካሪዎች፣ የሳይት መሐንዲሶችና ፎርማኖች፤

አብዛኞቻችሁ ዛሬ ጠዋት ሰው አሰማርታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ እዚያ አርማታ እየተሞላ፣ ፌሮ እየታሰረ ነው። ሐሳባችሁ ሳይት ላይ ቢሆን አይገርመኝም፤ የዛሬው ሥልጠናችን ጉዳይም እዚያው ያሉት ሰዎች ናቸው።

ገና ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ ቦሌ አካባቢ የሕንፃ መሠረት እናስቆፍር ነበር። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው አብጦ ይላላል። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት አልፏል። ግድግዳውን የሚደግፍ አንድ እንጨት የለም፤ የወጣው አፈርም እዚያው አፋፉ ላይ ተከምሯል። ሌሊት ዘንቦ አደረ። ጠዋት ከአፋፉ ትንሽ ገባ ብሎ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁና ለፎርማኑ ነገርኩት። «እስከ ምሳ ይጨርሳሉ» አለኝ። ዝም አልኩ።

ረፋድ ላይ ተናደ። አንዱን ልጅ እስከ ደረቱ ዋጠው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ደረት ላይ ሲጫን መጮህ እንኳ አያስችልም። ጓደኞቹ አካፋ እንዳያገኘው ፈርተው በእጃቸው እየጫሩ አወጡት። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም። ያ ዝምታዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

በኋላ የዋጋ ማቅረቢያውን ገልጬ አየሁ። ቁፋሮው በሜትር ኩብ ተተምኗል፤ ለድጋፍ እንጨት ግን አንድ ሳንቲም አልተያዘም። የዚያ ልጅ ጉዳት የተወሰነው ጨረታው በተሞላበት ዕለት ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ የማቅረቡን፣ አጠቃቀሙንም የማስተማሩን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ስለዚህ «እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚለው መልስ አያድንም።

«ገዝተን ብንሰጣቸውም አያደርጉትም» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ሠራተኛውም በሕግ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ፎርማኑ ራሱ ሄልሜት ሳያደርግ ሲዞር እያየ የቀን ሠራተኛው ለምን ያደርጋል? በካሬ የሚከፈለው ለሳኝስ የደኅንነት ቀበቶውን ለማሰር የቆመበት ደቂቃ ከራሱ እንጀራ እንደሚቀነስ እያወቀ እንዴት ይሰር? የአከፋፈሉን መንገድ የምንወስነው እኛ ነን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። የደኅንነት ወጪን አስገብቶ የሚሞላው ተቋራጭ በዋጋ ይሸነፋል፤ የዘለለው ያሸንፋል። አማካሪዎች፣ እዚህ ላይ እናንተን አጥብቄ እለምናለሁ፦ ይህን ወጪ በጨረታ ሰነዱ ላይ ራሱን የቻለ መስመር አድርጉት። ያኔ ማንም ከሰው ሕይወት ቀንሶ አይወዳደርም።

አሁን አሠልጣኞቻችን የአንድ ባለ 4 ሜትር ጥልቀት ቁፋሮ የዋጋ ማቅረቢያ ያድሏችኋል። የድጋፉ፣ የመሰላሉ፣ የአጥሩ፣ የሄልሜቱ መስመር ባዶ ነው። ነገ እንደምትሠሩት አድርጋችሁ ሙሉት፤ ከሰዓት በኋላ አብረን እናየዋለን። ሥልጠናው መከፈቱን አበሥራለሁ።