አረንጓዴ ማዳበሪያና ከሩዝ ማሳ የሚወጣው ጋዝ



አረንጓዴ ማዳበሪያ ማለት አንድን ተክል፣ በተለይም ከአየር ናይትሮጂን የሚስበውን የጥራጥሬ ወገን፣ ገና ለጋ ሳለ ከነግንዱ ከነቅጠሉ አርሶ ከአፈር ጋር መቀላቀል ነው፡፡ በደቡብ ቻይናና በጃፓን የሩዝ ገበሬዎች ለዚህ ተግባር ሲገለገሉበት የኖሩት ተክል በሳይንሳዊ ስሙ አስትራጋለስ ሲኒከስ፣ በጃፓንኛ ሬንጌ የሚባለው ነው፡፡ ተክሉ በሩዝ አጨዳ ሰሞን ይዘራል፤ የብርዱን ወራት በማሳው ላይ አሳልፎ ሙቀቱ ሲመለስ ያብባል፤ አዲሱ ሩዝ ከመተከሉ በፊትም ከአፈር ይቀበራል፡፡

ይህ ልማድ አፈርን እንደሚያለማና የፋብሪካ ማዳበሪያን ወጪ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፡፡ ጥያቄው የሚነሣው ማሳው ውሃ ከተኛበት በኋላ ነው፡፡

ውሃ አየር ወደ አፈር እንዳይገባ ይከለክላል፡፡ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ኦክሲጅን ሲያልቅ ረቂቅ ሕዋሳት በመጀመሪያ በናይትሬት፣ ቀጥሎም በማንጋኒዝ፣ በብረትና በሰልፌት ይጠቀማሉ፡፡ እነዚህ ሲሟጠጡ ሚቴን የሚያመነጩት ሕዋሳት ተራቸው ይደርሳል፡፡ ለጋው ተክል ቶሎ የሚበሰብስ ስለ ሆነ ለእነዚህ ሕዋሳት የተዘጋጀ ቀለብ ነው፡፡ የሚመነጨው ጋዝም በአብዛኛው የሚወጣው ለሥሩ አየር በሚያደርሱት በሩዙ ግንድ ውስጥ ባሉ ቀዳዳዎች ነው፡፡ ሚቴን ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር በ100 ዓመት ውስጥ 27 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያምቃል፡፡

የአየር ንብረት ለውጥን የሚመለከተው የበይነ መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው የስሌት መመሪያ መሠረት፣ ምንም የተክል ቅሪት ያልገባበትና ዘወትር ውሃ የተኛበት ማሳ ልቀት 1 ተብሎ ቢወሰድ፣ በሄክታር 10 ቶን እርጥብ አረንጓዴ ማዳበሪያ የተቀበረበት ማሳ ልቀት ወደ 2.7 ይደርሳል፡፡ በዚያው መጠን የበሰለ ብስባሽ ቢጨመር ግን 1.8 ያህል ነው፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚፈርሰው ክፍል አስቀድሞ በአየር ላይ ፈርሷል፡፡

ታዲያ ከዚህ ተነሥቶ አረንጓዴ ማዳበሪያን ማውገዝ ይገባልን? አይገባም፡፡ መፍትሔው በውሃውና በጊዜው አያያዝ ላይ ነውና፡፡ በዚያው መመሪያ፣ ማሳው በእድገት ወቅት ደጋግሞ ውሃው እንዲጠነፈፍ ቢደረግ ልቀቱ በ0.55 ይባዛል፤ 2.7 የነበረው ወደ 1.5 ይወርዳል ማለት ነው፡፡ ገለባን በሚመለከትም፣ ከእርሻው ወቅት ከ30 ቀን በላይ አስቀድሞ የተቀበረው የሚሰጠው ክብደት 0.19 ሲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ የተቀበረው ግን 1 ነው፡፡

ሆኖም ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ዋጋ አላቸው፡፡ ማሳ ሲደርቅና ሲረጥብ ናይትረስ ኦክሳይድ ይጨምራል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 ጊዜ ያህል የበረታ ነው፡፡ የጥራጥሬ ተክል እጅግ ቀደም ብሎ ከተቀበረም ናይትሮጂኑ ወደ ናይትሬት ይለወጥና ውሃው ሲመጣ ወደ አየር ይበናል፤ ገበሬው የደከመበት ማዳበሪያ ሩዙ ሳይደርስበት ይጠፋል፡፡ ስለዚህ ሚዛኑ ሙሉ የሚሆነው ሚቴኑ፣ ናይትረስ ኦክሳይዱ፣ በአፈር የሚቀረው ካርቦንና የቀረው የዩሪያ ማዳበሪያ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ነው፡፡

ነገሩ ለኢትዮጵያ ባለሙያም ባዕድ አይደለም፡፡ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ በክረምት ዝናብ ይበቅላል፤ ሩዙን ተከትሎም በቀሪው እርጥበት ጓያ ይዘራል፡፡ በዚያ ጥራጥሬው ለእህልና ለከብት መኖ ይፈለጋልና ለጋውን ቅበር ማለት ከገበሬው ማዕድ መቀነስ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ምክር ከመሰጠቱ በፊት ጥቅሙና ጉዳቱ በዚያው አፈርና በዚያው ውሃ ላይ መለካት ይኖርበታል፡፡

በአጠቃላይ፣ ገበሬውን የሚመክር ባለሙያ የዘሩን ስም ብቻ ነግሮ መለየት አይበቃውም፤ የሚቀበረውን መጠን፣ የሚቀበርበትን ቀንና ውሃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ጊዜ አብሮ መንገር ግዴታው ነው፡፡