ምስጋና በክርስቲያን ቤት
በሽሮ ሜዳ ለወላጆች ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር

የተሰጠኝ ርእስ «ልጆቻችንን ምስጋና እንዴት እናስለምድ?» የሚል ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለዓመታት ከልቤ ያልወጣ አንድ ነገር ላንሣ።

በቅዳሴያችን የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኰቴት አለ። ቆማችሁ ሰምታችሁታል። ይህ ጸሎት በጅምላ አያመሰግንም። መጠበቃችንን፣ መረዳታችንን፣ እስከዚህች ሰዓት መድረሳችንን አንድ በአንድ እየጠራ ነው የሚሄደው። ቤታችን ስንገባ ግን ምስጋናችን «ተመስገን» በማለት ያልቃል። ተመስገንን አላቃልልም፤ ጦሙን ያደረ ሰው እንኳ ከአፉ አይለያትም። እኔን የሚያሳስበኝ ልጆቻችን ለምኑ እንደምናመሰግን ሳይሰሙ ማደጋቸው ነው።

አንድ የማውቀው ሸማኔ አለ። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ከማለዳ እስከ ማታ ይወረውራል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማግ በቀሰም ያጠነጥንለታል። አንድ ቀን ጥለቱ አለቀ። አባትየው ነጠላውን ፈታ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ዞሮ አማተበ፣ አምላኩን አመሰገነ። አጠገቡ ለቆመው ልጅ ግን የደረሰው «ይሄን ማግ ለምን አላላኸው?» የሚል ብቻ ነበር። ሸማኔዎች ታውቁታላችሁ፤ የላላ ማግ ጠርዝ ያበላሻል፣ ተግሣጹም አግባብ ነው። ያ ሁሉ ቀሰም በማን እጅ እንደሞላ ግን ማንም አላነሣም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 እና 17 ላይ ስለ ማመስገን ይናገራል። ቁጥር 21 ላይ ሲደርስ አባቶች የልጆቻቸውን ልብ እንዳይሰብሩ ያስጠነቅቃል። በመካከላቸው ጥቂት መስመር ነው ያለው። ምስጋናን ለቤተ ክርስቲያን፣ ቁጣን ለቤት ያከፋፈልነው እኛ ነን።

በዚህ ሰፈር ሌላም ጉዳይ አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ፣ «ሙያ ይማራል» ተብሎ መጥቶ፣ ፊደል ሳይቆጥር ጉድጓድ ውስጥ የሚውል ልጅ አለ። ይህን ልጅ «አበላሁህ፣ አስጠለልኩህ፣ አመስግነኝ» ማለት ባለዕዳ ማድረግ ነው። እባካችሁ፣ ምስጋና ከመጠየቃችን በፊት የድካሙን እንክፈለው፤ ትምህርት ቤት እንላከው።

ሰዓቱ እያለቀ ስለሆነ የርእሱን ነገር በአጭሩ ልበል። ማታ ገበታው ሳይነሣ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በዕለቱ የተደረገለትን አንድ ነገር ይናገር፤ አባትና እናት ይጀምሩ። ልጅ ሲያስታጥባችሁ «እደግ፣ ተመንደግ» ትላላችሁ፤ ቀን ያገዛችሁንም አብራችሁ ጥሩለት። ለመስቀል ወደ ጋሞ የምትሄዱ ደግሞ፣ ማጉን ልጁ ያጠነጠነውን ጋቢ አያቱን በገዛ እጁ ያልብሳት፤ እናንተም የእሱ ድካም እንዳለበት በዘመድ ፊት ንገሩለት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።