ቤይሩት የቀረው 11 ዓመት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጡረታ ተናገሪ ስባል ሳቄ መጣ። አብዛኞቻችን ሱፍ ፈትለን፣ ጠላ ሸጠን፣ ገብስ ቸርችረን የምናድር ነን፤ ጡረታ የመምህርና የወታደር ነገር ይመስለናል። ኋላ ግን እኅቴን አሰብኋት።

እኅቴ ከመሐል ሜዳ ወጥታ ቤይሩት ሰው ቤት 11 ዓመት ሠርታለች። የእናታችን ቤት ቆርቆሮ የእሷ ነው፤ የእኔም የኮሌጅ ክፍያ የእሷ ነው። በ41 ዓመቷ ተመልሳ አንድ ድርጅት ውስጥ በ6,000 ብር ተቀጠረች።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ወረቀት አንሥቼ አሰላሁላት። ከደሞዟ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪዋ 11 በመቶ ይጨምራል። 60 ሲሞላት 19 ዓመት አገልግሎት ይኖራታል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ደሞዟ ባይለወጥ በወር 2,475 ብር ታገኛለች። የቤይሩቱ 11 ዓመት ቢቆጠርላት 3,300 ብር ይሆን ነበር። በየወሩ 825 ብር፣ እስከ ዕለተ ሞቷ።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አስወጥቷታል። ሳዑዲም የእርጅና ጡረታው ለዜጋው ነው። ጉልበትሽ ይፈለጋል፤ እርጅናሽን ግን ይዘሽ ሂጂ ነው ነገሩ።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴት ሠራተኞች ጡረታን በማስተላለፍም እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1994 የወጣው አዋጅ 270 ደግሞ የውጭ ዜግነት የወሰዱት ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ ቢጫ ካርድ የያዙት ማለቴ ነው፣ እዚህ ሲሠሩ እንደ ባዕድ ከጡረታ እንዳይገለሉ አድርጓል። ደግ ሕግ ነው፣ አልቃወመውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛ ሰው አገር የደከመችውን እኅቴን ግን መዋጮ የጠየቃትም፣ የከፈለላትም አልነበረም።

ጎረቤት ቤት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጓደኛ ነበረቻት። ልጅቱ በየጊዜው ለአገሯ መንግሥት የምትልከው ገንዘብ ነበር። እኅቴ «እድሯን ትከፍላለች» ትለን ነበር። ለካ የጡረታ መዋጮ ኖሯል! ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ ውጭ የሚሠሩ ዜጎቿ የአገራቸው ማኅበራዊ ዋስትና አባል እንዲሆኑ ግዴታ አድርጋዋለች። የሁለቱ ሥራ አንድ፣ ፎቁም አንድ ነበር።

እዚሁ አገራችን ሰው ቤት እንጀራ የምትጋግረዋም ያው ናት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ስሙ እንደሚለው የድርጅት ነው። ሆኖም በ2003 የወጣው አዋጅ 715 መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲገቡበት በር ከፍቶ ነበር። አዋጁ በ2014 በአዋጅ 1268 ተተክቷል። ለሱፍ ፈታይና ለጠላ ሻጭ በሩ በምን በኩል እንደሚገባበት ኮሚቴያችን በጽሑፍ እንዲጠይቅልን አመለክታለሁ።

ከዓረብ አገር የተመለሳችሁ ደግሞ ውላችሁን፣ የድሮ ፓስፖርታችሁን፣ የሐዋላ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ ዓመቱን አብረን እንመዘግባለን።