የነፍሰ ጡር ጭንቀት ለልጅም ይተርፋል



እኛ ተማሪዎች ፊደል ለማስተማር በየቤቱ ስንዞር፣ ነፍሰ ጡር ሴት አምሮቷ እንዳይቀርባት ቤተሰቡ ሁሉ ሲሯሯጥ አይተናል። ደግ ልማድ ነው። ዳሩ ግን ያማራት ሁሉ የቀረበላት ሴት በስድብና በዱላ ከተሸማቀቀች ምኑን ተንከባከብናት?

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። የእንግዴ ልጅ እንደ ኬላ ሆኖ ይህ ነገር በብዛት ወደ ፅንሱ እንዳያልፍ ይከለክላል። ጭንቀቱ ሲበረታና ሲሰነብት ግን ኬላው ሊላላ ይችላል። የሕፃኑ አንጎል ደግሞ ያን ጊዜ ገና በመሠራት ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. ነፍሰ ጡር የነበሩ 14,000 ያህል እናቶች ተመዝግበው ልጆቻቸው እያደጉ ሲሄዱ ተጠንተዋል። በእርግዝናቸው መጨረሻ ወራት እጅግ የተጨነቁት እናቶች ልጆች፣ 4 ዓመት ሲሆናቸው የጠባይና የስሜት ችግር ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ ታይቶባቸዋል።

እንግዲህ እናቲቱን እንውቀሳት? የለም! ጭንቀቱን ከየት አመጣችው? ከሸክም፣ ከችግር፣ ከባል ቁጣ አይደለም እንዴ? ደግሞም የተጨነቀች ሁሉ በሽተኛ ልጅ ትወልዳለች ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ሆነው ያድጋሉ።

ስለዚህ አባወራው ውሃውን ይቅዳ፣ እንጨቱን ይሸከም፣ እጁንም ይሰብስብ። ጎረቤቶች ያጫውቷት። እንቅልፍ ካጣች፣ ለቅሶ ካበዛች፣ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ልጅን ማሳደግ የሚጀመረው እናትን ከማሳረፍ ነው።