ማድ ቤታችንን አፍርሰን ስንሠራ

 

ስለ ማድ ቤት እንድንናገር ጠይቃችሁናል። እኛ ስንል ባልና ሚስት፣ አሮጊት እናታችንና ልጆቻችን ማለታችን ነው። ግንበኞች አይደለንም። ነገር ግን ማድ ቤታችንን ሁለት ጊዜ አፍርሰን ሠርተናል። የመጀመሪያውን አበላሸነው። ሁለተኛው ደህና ሆነ። የምንነግራችሁም ይህንኑ ነው።

አሮጌው ማድ ቤታችን ከመኖሪያው ቤት ጋር የተጣበቀ ጠባብ ጎጆ ነበር። መስኮት አልነበረውም። በሩም አንድ ብቻ ነው። ጉልቻው ልክ ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። እንስራው ደግሞ ከጉልቻው ጀርባ፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ውሃ የሚቀዳ ሰው ሁሉ በእሳቱ አጠገብ ያልፋል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን! ማንም ልብ አላለውም።

አንድ ቀን እንጀራ ሲጋገር የአምስት ዓመት ልጃችንን ውሃ ጠማት። ጣሳዋን ይዛ ገባች። በምጣዱና በግድግዳው መካከል ሾልካ ልታልፍ ስትል ቀሚሷ የሽሮውን ድስት ጠለፈው። የፈላው ሽሮ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ጩኸቷን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ብዙዎቻችሁ ሮጣችሁ መጥታችኋል።

በዚያን ሰዓት ያደረግነው ስህተት ነበር። ቅቤ ቀባናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣ፣ «ቅቤም፣ ሊጥም፣ ጭቃም አይቀባም። ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው» አለችን። ይህን እናንተም ያዙልን። የልጅቷ እግር ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ።

እኛ ልጅቷን ተቆጣን። «አትታዘዝም፣ ቅብጥብጥ ናት» አልን። እናታችን ግን ዝም ብለው ቆይተው፣ «ልጅቷን ምን ታደርጓታላችሁ? ጥፋቱ የእንስራው ነው» አሉ። ሳቅን። በኋላ ስናስበው እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ማድ ቤቱ ይፍረስ ተባለ። አባወራው ወንዶቹን ለደቦ ጠራ። ጎጆውን አፈረሱት። ሰፋ ያለ ቤት አቆሙ። ቆርቆሮ አለበሱት። በሩንም መንገደኛ እንዲያየው ወደ መንገዱ አዞሩት። ከጨረሱ በኋላ ሴቶቹን ጠርተው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ግቡበት» አሉ።

ገባን። መጋገሪያው መደብ ወገብ ድረስ ነው። የማን ወገብ? የአባወራው! እናታችን ሊጡን ከምጣዱ ወዲያኛው ጠርዝ ለማድረስ በጣታቸው ቆሙ። ንፋስ ደግሞ በበሩ እየገባ ጭሱን መልሶ ፊታችን ላይ ይደፋዋል። ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ላይ ጥቀርሻ ያለበት ጥቁር ጠብታ ሊጡ ውስጥ ይወርዳል። እንስራውስ? አሁንም ከእሳቱ ጀርባ! ቤቱ አዲስ ነው፣ አቀማመጡ ግን የድሮው ነው። የሚጋግረውን ሰው የጠየቀ አልነበረምና። አባወራው ይህን ሲናገር ዛሬም ያፍራል፤ ግን ይነገር ብሏል።

ሁለተኛውን ጊዜ አልቸኮልንም። እማወራዋ የጎልማሶች ትምህርት ስትማር የያዘችው ደብተር ነበራት። በዚያ ላይ ለሦስት ቀን በማድ ቤት የሚሠራውን ሁሉ በተራ ጻፈች። ከየት ተነሥታ ወዴት እንደምትሄድም ጻፈች። ከቡሃቃው ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ ሞሰቡ፣ ከምጣዱ ወደ እንጨቱ፣ ወደ ውሃው፣ ወደ ደጅ። በየመስመሩ ጭረት እያደረገች ቆጠረች። ማታ ስናየው ብዙው ጭረት በምጣዱና በእንጨቱ መካከል ነው። እንጨቱ ደግሞ ያለው ደጅ ነበር! በመጋገሪያ ቀን ድካም የምንለው ግማሹ መመላለስ ኖሯል።

ከዚያ አውድማው ላይ ወጣን። የአዲሱን ማድ ቤት ስፋት በአመድ መሬት ላይ አሠመርን። ርዝመቱ 8 ክንድ፣ ወርዱ 6 ክንድ ሆነ። በሜትር ሲለካ ወደ 4 በ3 ይሆናል። በሩን በሁለት ድንጋይ ምልክት አደረግን። ምጣዱን፣ ቡሃቃውን፣ እንስራውን፣ ሞሰቡን ሁሉ ተሸክመን አምጥተን በአመዱ መስመር ውስጥ አስቀመጥናቸው። እማወራዋ እሳት ሳይኖር እንደምትጋግር ሆና ሠራች። ልጆቹ በበሩ እየገቡ ውሃ ቀዱ። መንገደኛ ሁሉ፣ «ቤቱስ የት አለ?» እያለ ስቆብናል። ይሳቅ! ግድግዳ ከቆመ በኋላ ማፍረስ እንጂ አመድ መጥረግ ምን ያደክማል? ዕቃውን ሦስት ጊዜ አዘዋወርነው።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ውሃው ከበሩ አጠገብ በስተቀኝ ተቀመጠ። ልጅ ገብቶ፣ ጠጥቶ ይወጣል፤ ወደ እሳቱ መሄድ የለበትም። ውሃው ክዳን አለው፣ መቅጃውም በእጀታው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ምድጃው በግራ በኩል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተሠራ። የሚጋግረው ሰው እሳት ቢነሣበት እሳቱን ሳይሻገር ወደ በሩ መሮጥ እንዲችል አድርገን ነው። ይህን ሳንፈትሽ አላለፍንም። አባወራው «እሳት!» ብሎ ጮኸ፣ እማወራዋም ሮጣ ወጣች። ቡሃቃው ለጋጋሪዋ በቀኝ እጇ፣ ሞሰቡ በግራዋ ሆነ። የአንድ ቀን ደረቅ እንጨት ብቻ በውስጥ ይቀመጣል፤ ያውም እሳቱ ከማይደርስበት። የቀረው እንጨት በደጅ ከዳስ ሥር ነው። እህል ጨርሶ ከማድ ቤት ወጣ።

ስለ ንፋሱም ነገር እንናገር። ንፋሱን ለማወቅ እርጥብ ጭድ በቦታው ላይ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አጨስን። ይህን በተለያየ ቀን ደጋገምነው። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አየን። በሩን ንፋስ ከሚበዛበት ጎን አዙረን ከለልነው። መኖሪያው ቤት ጭስ እንዳይደርስበት፣ እሳት ቢነሣም እንዳይያያዝ ማድ ቤቱን አሥር እርምጃ ያህል አራቅነው።

ጭስ ትኩስ ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር መውጫ ያስፈልገዋል። ነገር ግን መውጫ ብቻውን አይበቃም። በዝቅተኛ ቦታ ንጹሕ አየር የሚገባበት መስኮት ከሌለ ጭሱን የሚገፋው የለም። እኛ ሁለቱንም አደረግን። ከግድግዳውና ከጣሪያው መካከልም አንድ ስንዝር ክፍት ተውን። የቆርቆሮው ጠብታ ከዚያ ወዲህ በጣም ቀንሷል።

ምድጃውን ገዛን። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ነው። በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአገራችን የተሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቁርጥራጭ ተሠርቶ ይገጣጠማል። ምጣዱን ዙሪያውን ይከበዋል። ስለዚህ እሳቱ በየጎኑ አይባክንም። በሙከራ ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር ግማሽ ያህል እንጨት እንደሚያተርፍ ታይቷል። በቤት ውስጥ ግን እንደ እንጨቱ ድርቀትና እንደ አጠቃቀማችን ነው። እርጥብ እንጨት ከሆነ ምርጥም ቢሆን ያጨሳል። ምድጃ ገዛሁ ብሎ መስኮት የሚደፍን ሰው ካለ ተሳስቷል።

የመደቡን ከፍታ በዚህ ጊዜ የለካነው በሁለቱ ጋጋሪዎች ነው። እናታችን አጭር ናቸው፣ እማወራዋ ረጅም ናት። በእናታችን ልክ ተሠራ። እማወራዋ ትንሽ ጎንበስ ትላለች፤ ቢሆንም ሊጡ ለሁለቱም ይደርሳል፣ ገና የሚድኸው ሕፃንም እሳቱን አይነካም።

አንድ ነገር ተከራክረናል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ «ጭስ ከጠፋ የሣር ክዳኑን ምስጥ ይበላዋል፣ ዘሩንም ነቀዝ ይጨርሰዋል» አሉን። እውነት አላቸው። አባቶቻችን የበቆሎ ዘር ከእሳት በላይ የሚሰቅሉት በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ የጭሱን ዋጋ የሚከፍለው ጣሪያው ሳይሆን ሴቷና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ነው። እናታችን ዓይናቸው ሲያለቅስ፣ ሌሊት ሲያስላቸው ስንት ዓመት «እርጅና ነው» እንል ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳለው በቤት ውስጥ በሚነሣ ጭስ ምክንያት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹም መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። ለዘሩ ደግሞ መላ አገኘን። የበቆሎውን ራስ በጭስ መውጫው አጠገብ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ከእሳቱ በጣም ከቀረበ ግን ሙቀቱ ዘሩን ይገድለዋል፣ አይበቅልም።

ወጪውን ትጠይቁናላችሁ። የገዛነው ምድጃውንና የበሩን ማጠፊያ ነው። ቆርቆሮው የመጀመሪያው ነው፤ አልጣልነውም። እንጨቱ የፈረሰው ቤት እንጨት ነው፤ የበሰበሰውን ብቻ ለየን። ጭቃውን በጭድ አቡክተን ልጆቹ ረገጡት። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ደጁን እንዳያጨቀይ ጉድጓድ ቆፍረን ድንጋይ ሞላንበት።

የቀረም አለ። መደርደሪያውን ከፍ አድርገን ሰቅለነው እናታችን በርበሬ በፈለጉ ቁጥር ልጅ ይጠራሉ፤ እናወርደዋለን። መስኮቱም በክረምት ዝናብ ያስገባል። ብንዘጋው ጭሱ ይመለሳል፣ ብንከፍተው እንጨቱ ይርሳል። ከላይ በሣር ጥላ እንሥራለት ወይስ ወደ ሌላው ጎን እናዙረው? ገና አልተስማማንም። ነገ የመጋገሪያ ቀናችን ነው። እሳቱ ሳይጠፋ ኑና እዩት። የራሳችሁን ቤት የምትለኩበት ገመድም ይዛችሁ ኑ። ስለ መስኮቱ ሐሳብ ያለው ሰው ካለ ያን ጊዜ ይንገረን።